ስለ መርዛሟ እንቁራሪትና ስለ መዶሻ ራሱ ሻርክ



ከፍጥረቶች መካከል ሰው የሚያዝንላቸው አሉ፤ የማያዝንላቸውም አሉ። ዋልያ ወይም ቀይ ቀበሮ ከምድር ሊጠፋ ነው የተባለ እንደሆነ የሰማው ሁሉ ከንፈሩን ይመጣል። ሰው የሚገድል መርዝ የተሸከመች እንቁራሪትና ስሙ ብቻ የሚያስፈራ ሻርክ ሊጠፉ ነው ቢባል ግን ከንፈር መምጠጡ ቀርቶ «እሰየው፤ ተገላገልን!» የሚል አይታጣም። ዳሩ ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና፣ እነዚህ ሁለት የተፈሩ ፍጥረቶች ምን እንደሆኑ፣ ወደ ጥፋትስ ያቀረባቸው ምን እንደሆነ ጠይቆ መረዳት ከመፍረድ ሊቀድም የሚገባው ይመስለኛል።

በዚህ ጽሑፍ ላነጻጽራቸው የመረጥኳቸው ወርቃማዋ መርዛማ እንቁራሪትና ከመዶሻ ራስ ሻርኮች ወገን የሆነው፣ የራሱ ጠርዝ ሞገድ መስሎ የተቀረጸው ሻርክ ናቸው። በሳይንስ ስማቸው የመጀመሪያይቱ ፊሎባቴስ ቴሪቢሊስ፣ ሁለተኛው ስፊርና ሌዊኒ ይባላሉ። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በሚያዘጋጀው ቀይ መዝገብ ላይ ሁለቱም የመጥፋት አደጋ ከደረሰባቸው ፍጥረቶች ጋር ተጽፈዋል። ነገር ግን በአንድ መዝገብ ይጻፉ እንጂ ሕመማቸው አንድ አይደለም፤ ሕመሙ አንድ ካልሆነ ደግሞ መድኃኒቱ አንድ ሊሆን አይችልም። እኔም ለማስረዳት የምፈልገው ይህንኑ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልኝ።

ሁለቱ የሚጎራበቱበት አገር

በደቡብ አሜሪካ በስተሰሜን ምዕራብ በኩል ኮሎምቢያ የምትባል አገር አለች። ምዕራባዊ ዳርቻዋ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ይዋሰናል። በዚህ ዳርቻ ዝናብ እጅግ ይበዛል፤ አንዳንዱ ሥፍራ በዓመት ከ5 ሜትር በላይ ይዘንብበታል። ይህም አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ዝናብ አራት እጥፍ ያህል መሆኑ ነው። ስለዚህ ምድሩ የፀሐይ ብርሃን እምብዛም በማይደርስበት ጥቅጥቅ ያለ ደን ተሸፍኗል። ወንዞቹ ከደኑ ወጥተው ከባሕሩ ጋር በሚቀላቀሉበት ጨዋማ ረግረግ ላይ ደግሞ ማንግሮቭ የሚባሉ፣ ሥሮቻቸውን ከውኃው በላይ እንደ ምሰሶ ያቆሙ ዛፎች ይበቅላሉ። ከዚያ ወዲያ ክፍቱ ውቅያኖስ ነው። ከዳርቻው 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃም ማልፔሎ የምትባል የድንጋይ ደሴት ትገኛለች።

እንግዲህ እንቁራሪቷ በደኑ፣ ሻርኩ በባሕሩ ሆነው፣ ሳይተያዩ በአንድ ዳርቻ ይጎራበታሉ። ልዩነታቸው ግን ወዲያው ይታያል። እንቁራሪቷ በዓለም ላይ ከዚህች ዳርቻ ከፊሉ በቀር ሌላ አገር የላትም፤ ካውካ በሚባለው ክፍለ ሀገር በሳይሃ ወንዝ አካባቢና በአቅራቢያው ባሉ ጥቂት ሥፍራዎች ትኖራለች። ሻርኩ ግን ሞቃት በሆኑ ባሕሮች ሁሉ ይዘዋወራል፤ በእኛ አቅጣጫ እንኳ በቀይ ባሕር፣ በሱዳን ዳርቻ መንጋው ይታያል። አንደኛዋ ባለ አንዲት ጎጆ፣ ሁለተኛው ባለ ብዙ አገር ናቸው ማለት ይቻላል።

ወርቃማዋ እንቁራሪት

የዚህች እንቁራሪት ርዝመት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ደፍሮ የሚያስቀምጣት ከተገኘ በአንድ ሕፃን መዳፍ ላይ ትበቃለች። ቀለሟ ብዙ ጊዜ ደማቅ ቢጫ ነው፤ ብርቱካንማ ወይም ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ የሆኑም አሉ። እኛ የምናውቃቸው እንቁራሪቶች ከጭቃና ከሣር ጋር ተመሳስለው ይደበቃሉ፤ ይህች ግን በቀን ብርሃን በደኑ ወለል ላይ ሳትደበቅ ትመላለሳለች። ቀለሟ ለሚያያት ሁሉ «አትንካኝ» የሚል ማስታወቂያ ነውና።

ማስታወቂያውም ሐሰት አይደለም። በቆዳዋ ውስጥ ባትራኮቶክሲን የሚባል መርዝ አለ። በአንዲት እንቁራሪት ላይ የሚገኘው መርዝ 1 ሚሊ ግራም ያህል ነው፤ ይህ ኢምንት መጠን 10 ሰው ለመግደል ይበቃል ተብሎ ተገምቷል። አሠራሩም እንዲህ ነው። በሰውነታችን ውስጥ ያሉ ነርቮችና ጡንቻዎች መልእክት የሚያስተላልፉት ሶዲየም የሚባለው ንጥረ ነገር በሴሎቻቸው ግድግዳ ላይ ባሉ ጥቃቅን በሮች ሲገባ ነው። በሮቹ ይከፈታሉ፤ ወዲያውም ይዘጋሉ፤ በዚህ መክፈትና መዝጋት መልእክቱ ያልፋል። ባትራኮቶክሲን ወደ ደም የገባ እንደሆነ ግን በሮቹ ከተከፈቱ በኋላ እንዳይዘጉ አድርጎ ይይዛቸዋል። በሩ ሁሉ ተከፍቶ ከቀረ መልእክት የሚባል ነገር አይኖርም፤ ጡንቻ ይዝላል፤ ልብም የምት ሥርዓቷን አጥታ ትቆማለች።

ይህችን እንቁራሪት ከሳይንስ ጋር ያስተዋወቋት ቻርልስ ማየርስ፣ ጆን ዴሊና ቦሪስ ማልኪን የተባሉ ሰዎች በ1978 ባወጡት ጽሑፍ ነው። የአገሩ ተወላጆች የሆኑት የኤምቤራ ሕዝብ ግን ከእነርሱ አስቀድመው ያውቋት ነበር። አዳኞቻቸው የፍላጻቸውን ጫፍ በሕያዋ እንቁራሪት ጀርባ ላይ ያሹታል፤ እርሷን መግደል አያስፈልጋቸውም። ከዚያም ፍላጻውን በረጅም ቱቦ ውስጥ ከተው በትንፋሻቸው ኃይል እፍ ብለው ወደሚያድኑት አውሬ ይሰዱታል። መርዙ በፍላጻው ጫፍ ላይ ከደረቀ በኋላ ለብዙ ወራት ኃይሉን አያጣም።

ከሁሉ ይልቅ እኔን ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህች እንቁራሪት መርዙን በራሷ አትሠራውም። በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ተወልዳ፣ ሰው የሚሰጣትን ምግብ እየበላች ያደገች እንቁራሪት ቀለሟ ያው ሆኖ መርዝ ግን የላትም። የተፈጥሮ ሊቃውንት ከዚህ ተነሥተው መርዙ የሚገኘው በደኑ ውስጥ ከምትለቅማቸው ጥቃቅን ነፍሳት ነው ይላሉ። በሌላው የዓለም ጫፍ በኒው ጊኒ ደሴትም፣ የዚሁ መርዝ ወገን በትናንሽ ጥንዚዛዎች ውስጥ መገኘቱ በ2004 ታውቋል፤ በዚያች ደሴት ላይም መርዘኛ የሆኑ ወፎች አሉ። እንግዲህ የእንቁራሪቷ ጋሻ የሚሠራው በቆዳዋ ሳይሆን በደኑ ነው ማለት ነው። አንባቢ ይህን ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናል።

መዶሻ ራሱ ሻርክ

ሻርኩ ከእንቁራሪቷ ጋር ሲተያይ በመጠን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፤ ርዝመቱ እስከ 4 ሜትር ያህል ይደርሳልና። ራሱ ግራና ቀኝ ተዘርግቶ መዶሻ ይመስላል፤ ዓይኖቹም በመዶሻው ሁለት ጫፎች ላይ ተቀምጠዋል። ይህ ቅርጽ ያለ ምክንያት የተሰጠው አይደለም። ዓይኖቹ ተራርቀው መቀመጣቸው ከፊቱ ያለውን ነገር ርቀቱን ለይቶ እንዲያይ ይረዳዋል። ከዚህም በቀር በራሱ ላይ እንደ ነጠብጣብ የሚታዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ በእነዚህም ሌሎች ፍጥረቶች ከሰውነታቸው የሚያወጡትን እጅግ ደካማ የኤሌክትሪክ ኃይል ያውቃል። ዓሣ በአሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ቢደበቅ እንኳ የገዛ ሰውነቱ ያሳብቅበታል።

መዶሻ ራሱ ሻርክ ከብዙዎች ሻርኮች የሚለይበት ሌላው ጠባይ ማኅበር መውደዱ ነው። በማልፔሎ፣ በኢኳዶር ጋላፓጎስ፣ በኮስታ ሪካም ኮኮስ ደሴት አካባቢ በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው ቀን ቀን አብረው ይዞራሉ፤ ሲመሽ ግን ተበታትነው ዓሣና ስኩዊድ ለማደን ወደ ክፍቱ ባሕር ይወጣሉ። በ2023 የወጣ አንድ ጥናት ደግሞ በሃዋይ ደሴቶች አጠገብ 800 ሜትር ያህል ወደ ጥልቁ ሲወርዱ፣ ሰውነታቸው እንዳይቀዘቅዝ የሚተነፍሱበትን ስንጥብ እንደሚዘጉ አስረድቷል። ይኸውም እኛ በውኃ ውስጥ ስንጠልቅ ትንፋሻችንን እንደምንይዝ ያለ ነው። ስለ አስፈሪነቱ የሚወራው ብዙ ቢሆንም፣ ይህ ሻርክ ሰው ስለ መግደሉ የተመዘገበ ነገር የለም።

ሴቷ እንደ ብዙዎቹ ዓሦች እንቁላሏን በውኃ ውስጥ በትና አትሄድም፤ ወደ አንድ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አርግዛ ሕያዋን ግልገሎች ትወልዳለች። በአንድ ጊዜ የምትወልዳቸው ከ12 እስከ 40 ይደርሳሉ። ለመውለድም ከጥልቁ ባሕር ወደ ዳርቻው፣ ወደ ማንግሮቩ አካባቢ ትመጣለች፤ ግልገሎቹ ከትልልቅ ዓሦች ተሰውረው የሚያድጉት በዚያ ነው። ነገር ግን እርሷ ራሷ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመውለድ ከ10 ዓመት በላይ መጠበቅ ግድ ይሆንባታል። እኛ አንደኛ ክፍል በገባንበት ዓመት የተወለደች ሻርክ፣ እኛ ሁለተኛ ደረጃን ስንጨርስ ገና የመጀመሪያ ልጆቿን ለመውለድ ትዘጋጅ ይሆናል። እንቁራሪቷ ግን በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ትደርሳለች፤ ምንም እንኳ በአንድ ጊዜ የምትጥላቸው እንቁላሎች ከ20 የማይበልጡ ቢሆኑ፣ ወንዱ የተፈለፈሉትን በጀርባው አዝሎ ወደ ውኃ እያደረሰ ያሳድግላታል።

ጋሻው የማይመክተው ጠላት

እስካሁን ያየነው ሁለቱም የታጠቁ መሆናቸውን ነው። እንቁራሪቷን ደፍሮ የሚበላ ጠላት ሆኖ የታወቀው መርዙን የሚቋቋም አንድ የእባብ ዓይነት ነው። ያደገውንም ሻርክ የሚደፍር የባሕር አውሬ ጥቂት ነው። ታዲያ እንዲህ የተፈሩት ፍጥረቶች በእኛ ዘመን ለምን ወደ ጥፋት ተቃረቡ?

መልሱ እንዲህ ይመስለኛል። መርዝ የሚሠራው በሚነካ ላይ እንጂ በማይነካ ላይ አይደለም። ዛፉን የሚቆርጥ ሰው እንቁራሪቷን መንካት አያስፈልገውም፤ ምናልባትም መኖሯን ሳያውቅ አገሯን ያጠፋባታል። የሻርክም ጥርስ የሚያስፈራው ዓይቶ የሚፈራን ነው፤ መረብና መንጠቆ ግን ፍርሃት የላቸውም። የሁለቱም ጋሻ የተሠራው ፊት ለፊት ለሚመጣ ጠላት ነበርና ከኋላ የመጣውን ሊመክት አልቻለም።

ከዚህ ወዲያ ግን የሁለቱ መንገድ ይለያያል።

የእንቁራሪቷ ሕመም ቤት ማጣት ነው። ደኑ ለእንጨት፣ ለእርሻ፣ ለከብት ግጦሽ ይመነጠራል። ኮካይን የሚወጣበትን የኮካ ተክል በስውር የሚያለሙ ሰዎችም ጫካውን ይመነጥሩታል፤ መንግሥት ይህን ተክል ለማጥፋት በአውሮፕላን ይረጨው የነበረውን መድኃኒት ያቋረጠው በ2015 ነው። ወርቅ ፈላጊዎች የወንዙን ዳር እየቆፈሩ ውኃውን ያደፈርሳሉ፤ ወርቁን ለመለየት የሚጠቀሙበት ሜርኩሪም ወደ ወንዙ ይገባል። ከዚህ ሁሉ በላይ ውብ ቀለሟን ዓይተው ለቤት ጌጥ ሊሸጧት የሚሰርቋት ነጋዴዎች አሉ። አገሯ ሰፊ ቢሆን ኖሮ ከአንዱ ጫካ ስትባረር በሌላው ትተርፍ ነበር፤ ባለ አንዲት ጎጆ ናትና ጎጆዋ ሲፈርስ መሄጃ የላትም።

የሻርኩ ሕመም ግን ቤት ማጣት አይደለም፤ ባሕሩ እንዳለ አለ። የእርሱ ሕመም ሥጋው፣ ይልቁንም ክንፉ ዋጋ ማውጣቱ ነው። በሩቅ ምሥራቅ አገሮች የሻርክ ክንፍ ሾርባ በሠርግና በትልቅ ግብዣ የሚቀርብ የክብር ምግብ ነው፤ የመዶሻ ራስ ሻርክ ክንፍም ከተወደዱት መካከል ነው። በ2006 የወጣ ጥናት በክንፍ ንግድ ምክንያት በየዓመቱ የሚገደሉትን ሻርኮች 38 ሚሊዮን ያህል አድርጎ ገምቷል፤ ከእነዚህም ውስጥ ይህ ሻርክና የቅርብ ዘመዱ የሆነው ሌላው መዶሻ ራስ ሻርክ አንድ ላይ ከ1.3 እስከ 2.7 ሚሊዮን ይሆናሉ። ሌላ ዓሣ ለመያዝ በተጣለ መረብ ውስጥ ሳይፈለግ የሚገባውም ብዙ ነው። መዶሻ ራስ ሻርክ ለመተንፈስ እየዋኘ ውኃውን በስንጥቡ ማሳለፍ ይኖርበታልና፣ ከተያዘ በቶሎ ይሞታል፤ ዓሣ አጥማጁ አዝኖ ሊለቀው ቢፈልግ እንኳ ብዙ ጊዜ አይደርስለትም። በማንግሮቩ አጠገብ ደግሞ ለዕለት ጉርሱ የሚያጠምደው ድኻ መረቡን ሲስብ ገና ያልጎረመሱትን ግልገሎች አብሮ ያወጣቸዋል።

በዚህ ላይ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። በቀይ መዝገቡ ላይ እንቁራሪቷ «ለመጥፋት በተቃረቡት» ደረጃ ስትጻፍ፣ ሻርኩ በ2019 በወጣው ውሳኔ ከእርሷ በባሰው ደረጃ፣ ማለት «ለመጥፋት እጅግ በተቃረቡት» ውስጥ ተጽፏል። በሦስት ትውልድ ጊዜ ውስጥ ቁጥሩ ከ80 በመቶ በላይ እንደቀነሰ ተገምቷልና። ባለ አንዲት ጎጆዋ ከባለ ብዙ አገሩ እንዴት ተሻለች ያልን እንደሆነ፣ የአገር ስፋት ብቻውን ጋሻ አለመሆኑን እንረዳለን። ሻርኩ በሄደበት ሁሉ መረብ ይጠብቀዋል፤ የሞተውን ለመተካት ደግሞ ከ10 ዓመት በላይ ያስፈልጋል። ከገቢው ወጪው የበለጠ ነጋዴ ሱቁ ሰባት በር ቢኖረውም መክሠሩ አይቀርም።

መድኃኒቱስ?

ሕመሙ ከተለየ መድኃኒቱንም መለየት ያሻል። እንስሳትንና ዕፅዋትን ከአገር ወደ አገር መነገድን የሚቆጣጠር ሳይቲስ የሚባል ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ። የእንቁራሪቷ ወገኖች በዚህ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ የገቡት በ1987 ነው። መዶሻ ራሱ ሻርክ እንዲገባ በ2013 በባንኮክ ተወስኖ ውሳኔው በ2014 ተፈጻሚ ሆነ፤ በ2022 ደግሞ በፓናማ በተደረገው ጉባኤ የቀሩት የመዶሻ ራስ ሻርክ ወገኖች ሁሉ ተጨመሩ። እነሆ ሁለቱ በአንድ ሕግ ሥር ናቸው። ነገር ግን ይህ ሕግ ለሁለቱ እኩል አይሠራም። ሻርኩን የሚገድለው ንግድ ነውና የንግድ ሕግ ሥሩን ይነካለታል። እንቁራሪቷን ግን ከሌባ ነጋዴ ቢያስጥላት ከመጥረቢያ አያስጥላትም፤ መጥረቢያው እርሷን አይሸጥምና።

ለእንቁራሪቷ የሚሆነው መድኃኒት የደኑን መሬት ራሱን መጠበቅ ነው። ፕሮአቬስ የተባለ የኮሎምቢያ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት በካውካ፣ በቲምቢኪ አካባቢ በእንቁራሪቷ ስም የተጠራ ጥብቅ ሥፍራ አቋቁሟል። ትንሽ አገር ያላት ፍጥረት በትንሽ መሬት ልትድን ትችላለችና ይህ ተስፋ የሚሰጥ ነው።

«በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ተራብታ ከተገኘች ደኑ ለምን ያስፈልጋታል?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ቀደም ሲል ልብ ይባልልኝ ያልኩት ነገር እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ያለ ደኑ የምታድግ እንቁራሪት መርዝ የላትም። ቀለሟ «አትንካኝ» ይላል፤ ነገር ግን ቃሉን የሚያስከብርላት ነገር የለም። በሕግ ተፈቅዶላቸው የሚያራቧት ሰዎች ሌቦቹን ገበያ በማሳጣት ይረዷታል፤ ይህ ሥራቸው የሚመሰገን ነው። ሆኖም በሣጥን ውስጥ የተረፈችው አካሏ ነው እንጂ እርሷነቷ ሙሉ አይደለም።

ለሻርኩ ደግሞ አንድ ሥፍራን ማጠር አይበቃም። ኮሎምቢያ በ1995 ማልፔሎን ጥብቅ ሥፍራ አድርጋለች፤ ዩኔስኮም በ2006 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። ነገር ግን ሻርኩ በደሴቲቱ ዙሪያ ሲዞር ውሎ ማታ ይወጣል፤ ምልክት የተደረገባቸው ሻርኮችም ከማልፔሎ ተነሥተው ወደ ኮኮስና ወደ ጋላፓጎስ መሄዳቸው ታውቋል። ማለት ከኮሎምቢያ ባሕር ወደ ኮስታ ሪካና ወደ ኢኳዶር ባሕር ያለ ይለፍ ወረቀት ይሻገራሉ። ስለዚህ ኮሎምቢያ፣ ኮስታ ሪካ፣ ፓናማና ኢኳዶር በ2004 የባሕር መተላለፊያውን በጋራ ለመጠበቅ ተስማሙ፤ ኢኳዶርም በ2022 በጋላፓጎስ በኩል ኤርማንዳድ፣ ማለት «ወንድማማችነት» የሚባል 60,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነ ጥብቅ ባሕር ጨመረች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ምሳሌ ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል። አንድ መንግሥት ብቻውን እንቁራሪቷን ሊያድን ይችላል፤ ሻርኩን ግን ብቻውን ሊያድን አይችልም።

በሁለቱም ዘንድ ግን የማይለወጥ አንድ ነገር አለ። በደኑም በባሕሩም ዳር የሚኖረው ሕዝብ ድኻ ነው። «አትቁረጥ፤ አታጥምድ» የሚለው ትእዛዝ ልጆቹን የሚያበላበት ሌላ መንገድ ካላገኘ በወረቀት ላይ ይቀራል። እንስሳቱን ለማዳን የሚነሣ ሁሉ ከሰው መጀመር ይኖርበታል።

ምን ቸገረን የሚል ቢኖር

ስለዚህ ነገር በክፍላችን ስንነጋገር አንድ ጓደኛዬ፣ «እኛ የራሳችን ችግር ሞልቶ፣ የሰው አገር መርዘኛ ቢጠፋ ምን ቸገረን?» ሲል ጠይቆ ነበር። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ብዙ ሰው በልቡ የሚይዘው ነውና መልስ ይገባዋል።

በመጀመሪያ ከመርዙ የተገኘ ትምህርት አለ። ባትራኮቶክሲን የነርቭን በሮች ከፍቶ ስለሚይዝ፣ ሊቃውንት እነዚያ በሮች እንዴት እንደሚሠሩ ለመመርመር እንደ ቁልፍ ተጠቅመውበታል። ጥርሳችን ሲነቀል ሕመም እንዳይሰማን የሚወጋን ማደንዘዣ የሚሠራው በእነዚሁ በሮች ላይ ነው፤ ባትራኮቶክሲን የሚከፍታቸውን ማደንዘዣው ይዘጋቸዋል። የማናውቀውን ፍጥረት ማጥፋት ያልተነበበ መጽሐፍ እንደ ማቃጠል ይቆጠራል።

ሁለተኛ እነዚህ ሁለቱ ብቻቸውን አይደሉም። በ2023 የወጣው የዓለም እንቁራሪቶች፣ ጉርጦችና የዘመዶቻቸው ቆጠራ ከ8,000 ከሚበልጡት ዓይነቶች 41 በመቶ ያህሉ የመጥፋት አደጋ እንዳለባቸው አሳይቷል። ስለ ሻርኮችና ዘመዶቻቸው ስለሆኑት ጠፍጣፋ ዓሦች በ2021 የወጣው ጥናት ደግሞ ከሦስቱ ከአንድ በላይ የሚሆኑት በአደጋ ላይ መሆናቸውን ገልጿል። እንግዲህ የእንቁራሪቷና የሻርኩ ታሪክ የብዙ ሺህ ፍጥረቶች ታሪክ ነው።

ሦስተኛ ነገሩ ከቤታችን ሩቅ አይደለም። በባሌ ተራሮች ኤሪካባትራኩስ ባሌንሲስ የተባለች፣ ከዚያ በቀር በዓለም ላይ የትም የማትገኝ ትንሽ እንቁራሪት አለች። ለሳይንስ የታወቀችው በ1991 ነው፤ ዛሬ በቀይ መዝገቡ ላይ «ለመጥፋት እጅግ በተቃረቡት» ደረጃ ተጽፋለች። መርዝ የላትም፤ ወርቃማ ቀለምም የላትም። ነገር ግን እንደ ኮሎምቢያይቱ ባለ አንዲት ጎጆ ናት፤ በጅረቶቿ ዳር ያለው ዛፍ ሲቆረጥ መሄጃ የላትም። የእርሷ ጎጆ ደግሞ በእኛ አገር ነው፤ ጠባቂዋም ከእኛ ሌላ የለም።

የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፣ የተወደዳችሁ ጓደኞቼ፤ ከዚህ ንጽጽር እኔ ያገኘሁት ትምህርት ይህ ነው። አንድ ፍጥረት ሊጠፋ ነው ሲባል ማዘን መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ማዘን ሐኪም አያደርግም። ሐኪም ሕመምተኛውን ዓይቶ ብቻ መድኃኒት አያዝም፤ ምን እንደሚያመው ይጠይቃል። እኛም እንዲሁ ቤቱን ነው ያጣው ወይስ ራሱን ነው የሚሰርቁት? አንድ ደን ይበቃዋል ወይስ የአራት መንግሥታት ባሕር ያሻዋል? ብለን ልንጠይቅ ይገባናል። ጥያቄው በጊዜ ከተጠየቀ እንቁራሪቷም ሻርኩም ለመዳን ገና አልረፈደባቸውም። ምክሩም ከጥንት ጀምሮ በአገራችን አለ፦ ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ።